የድሮ የሩሲያ ብር ሳንቲሞችን እንዴት እንለያቸው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን።

ባለ ሁለት ራስ ንስር ያለበት ትልቅ የብር ሳንቲም ቤት ውስጥ አገኘሁ። የሩሲያ ነው?

ላይሆን ይችላል። ያገኛችሁት ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ ሌላ ነገር ጠርጥሩ። ባለ ሁለት ራስ ንስር የሩሲያም የኦስትሪያም አርማ ነበር። አያቶቻችን ጠገራ ብር የሚሉት የማሪያ ቴሬዛ ታለር ጀርባው ላይ ያለው ንስር የኦስትሪያው ነው። ጽሑፉ ላቲን ከሆነ፣ ዓመቱ 1780 ከሆነ፣ ሚዛን ላይም 28 ግራም ገደማ ከመጣ ጠገራ ነው። ጨርሰናል።

ግራ የሚያጋባው የዳግማዊት ካትሪን ሩብል ነው። እዚያም ላይ ደረቷ ድረስ የምትታይ ሞላ ያለች ንግሥት አለች፣ ዘመኑም ያው ነው (1762 እስከ 1796)፣ ጀርባውም ንስር ነው። ግን ጽሑፉ በሩሲያ ፊደል ነው፣ ክብደቱም 24 ግራም ነው። ሶቪየት ኅብረት ተምሮ የመጣ ዘመድ ያመጣው ሳንቲም ከሆነ ደግሞ ንስር ጭራሽ ላይኖረው ይችላል። ስለ እሱ ወደ ታች አለ።

ዳይ ምንድን ነው? የዳይ ልዩነት ሲባልስ?

ሳንቲም የሚሠራው ባዶ ክብ ብር በሁለት ጠንካራ ብረቶች መሃል ገብቶ ሲመታ ነው። ብረቶቹ ላይ ምስሉ በግልባጭ ተቀርጿል። ዳይ የሚባሉት እነሱ ናቸው። አንድ ዳይ ብዙ ከመታ በኋላ ያልቃል ወይም ይሰነጠቃል፣ ሌላ ይተካል። አዲሱ ከአሮጌው ጋር ፍጹም አንድ ካልሆነ፣ ከሁለቱ የወጡት ሳንቲሞች የዳይ ልዩነት አላቸው እንላለን።

ዓመቱ ወይም ዋጋው የተለየ ከሆነ ያ ሌላ ሳንቲም ነው፣ ልዩነት አይባልም። እዚህ የምናወራው ዓመቱም፣ ንጉሡም፣ ማተሚያ ቤቱም (ሳንቲሙ የተመታበት ቦታ) አንድ ሆኖ ንስሩ ጅራት ላይ ላባ ሲጨምር ወይም ሲጎድል፣ ነጥብ ሲጠፋ፣ ፊደል ወደ ዘውዱ ሲጠጋ ነው።

በሩሲያ ሳንቲሞች ላይ ይህን ያህል ልዩነት የበዛው ለምንድን ነው?

በእጅ ስለተሠሩ ነዋ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቀራጩ የንጉሡን ፊት የያዘውን ዋና ብረት ዳዩ ላይ ይመታል፤ ከዚያ ጽሑፉን በፊደል ብረት አንድ በአንድ ይጨምራል፣ ዓመቱንም፣ ነጥቦቹንም እንዲሁ። የሰው እጅ ነው። አንዱ ፊደል ጋደም ይላል፣ አንዱ ዘውዱን ይነካል፣ አንዱ ተዘልሎ ይቆይና በኋላ ይታረማል። ዓመቱ ሲቀየርም ገና ያልደከመ ዳይ አይጣልም፤ የመጨረሻው አኃዝ ላይ አዲሱ ይመታበታል። እንዲህ ያለው ሳንቲም በማጉያ ሲታይ የድሮው አኃዝ ርዝራዥ ከአዲሱ ሥር ብቅ ይላል።

ከዚያ በፊት የነበሩት የሽቦ ኮፔኮች (ኮፔክ የሩብል መቶኛ ነው) ደግሞ የባሱ ናቸው። ከ1535ቱ የገንዘብ ማሻሻያ ጀምሮ እስከ ታላቁ ጴጥሮስ ዘመን ድረስ የሩሲያ ብር ሳንቲም ማለት ከሽቦ ተቆርጦ፣ ተጠፍጥፎ የተመታ የዓሣ ቅርፊት የምታክል ነገር ናት። መጀመሪያ 0.68 ግራም ነበረች፣ በጴጥሮስ ጊዜ 0.28 ግራም ደረሰች። ዳዩ ከብሩ ይሰፋል። ስለዚህ አንዷ ኮፔክ ላይ የፈረሰኛው ራስ ይወጣል፣ ሌላዋ ላይ የፈረሱ እግር ብቻ። የዳዩን ሙሉ መልክ ለማወቅ ከአንድ ዳይ የወጡ ብዙ ኮፔኮችን ሰብስቦ፣ የአንዷን ጎዶሎ በሌላዋ እየሞሉ መገጣጠም ነው። ለጀማሪ አይመከርም።

ምን ዓይነት መሣሪያ ያስፈልገኛል?

ብዙ አይደለም። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን፣ ወርቅ ሠሪዎች የሚይዙት ባለ 10 እጥፍ ማጉያ፣ ስፋትና ውፍረት የሚለካ ካሊፐርና ከጎን የሚበራ መብራት። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው መብራቱ ነው። ከላይ የሚወርድ ብርሃን ዝርዝሩን ያጠፋዋል፤ ከጎን ሲመጣ ግን የፊደሉ ጫፍና የላባው መስመር ጥላ ይጥላል። ሳንቲሙን ቀስ እያላችሁ አዙሩት።

ሚዛኑ ግን መቅደም አለበት። የካትሪን ሩብል 24 ግራም ነው፣ ከሺህ 750 እጁ ብር። ከ1798 እስከ 1885 ያለው 20.73 ግራም ነው፣ 868። ከ1886 ጀምሮ 20 ግራም፣ 900። የሦስቱም ንጹሕ ብር 18 ግራም ገደማ ነው። ያገለገለ ሳንቲም ትንሽ ይቀልላል፣ ያ ያለ ነው። ደህና ሆኖ እየታየ ሁለት ግራም ከጎደለ ወይም ከበለጠ ግን ላባ መቁጠሩን ተዉት፤ ሳንቲሙ ራሱ ያጠራጥራል።

ጠቁሯል። አጽድቼ ብመለከተው አይሻልም?

አይሻልም! በሎሚም፣ በአመድም፣ በጥርስ ሳሙናም አትሹት። ስትፈገፍጉት አብሮ የሚሄደው እኮ የምትፈልጉት ዝርዝር ነው። ሰብሳቢም የተፈገፈገ ሳንቲም ከሩቅ ያውቃል፣ ዋጋውንም ያወርደዋል። አፈር ከያዘ በንጹሕ ውኃ ዘፍዝፋችሁ ሳትፈትጉ አድርቁት።

ዓመቱ ቁጥር ሳይሆን ፊደል ነው። እንዴት ይነበባል?

እዚህ ላይ እኛ ከፈረንጆቹ ይልቅ ይቀለናል። የግእዝ ቁጥርም የስላቭ ቁጥርም የመጡት ከግሪክ ፊደል ቁጥሮች ነው፣ አሠራሩ አዲስ አይሆንብንም። የጴጥሮስ ሩብሎች ከ1704 ጀምረው በአብዛኛው እስከ 1722 ድረስ ዓመታቸው በፊደል ነው፤ ከ1723 በኋላ በለመድነው አኃዝ ይጻፋል። የመጀመሪያው «አ» ከታች በግራው የተሰነጠቀ ጭረት ሲኖረው 1000 ነው። ቀጥሎ ላዩ ሦስት ጫፍ ያለው ፊደል 700 ነው። ከዚያ አሥርና አንድ ቤቱ ይመጣል።

አንድ ወጥመድ አለ። ከ11 እስከ 19 ባሉት ላይ አንድ ቤቱ ይቀድማል። እኛ ፲፰ ስንል አሥሩን እናስቀድማለን፤ 1718 በስላቩ ግን ስምንቱ ይቀድምና አሥሩ ይከተላል። ይህን ያልለመደ ሰው የመጨረሻውን ፊደል አንድ ቤት መስሎት ዓመቱን ያበላሸዋል።

የሽቦ ኮፔኮቹ ላይ ዓመት ካለ ደግሞ የሚቆጠረው ከዓለም ፍጥረት ነው። እኛም ዓመተ ዓለም እንላለን፣ የእኛ ከክርስቶስ ልደት በፊት 5500 ሲል የእነሱ 5508 ይላል። ሺሁን አይጽፉትም። ለምሳሌ ኖቭጎሮድ የተመታች አንዲት ኮፔክ ላይ የከተማዋ የመጀመሪያ ፊደልና 104 የሚሉ ፊደሎች አሉ፤ 7104 ማለት ነው፣ ያም 1596 ነው። ጴጥሮስ ከ1700 ጀምሮ ሩሲያን ወደ አውሮፓው አቆጣጠር አዛወራት።

ከንስሩ ሥር ያሉት ፊደሎች ምን ይነግሩናል?

ሁለት ነገር። አንደኛ የት እንደተመታ፣ ሁለተኛ ለብሩ ጥራት ተጠያቂው ኃላፊ ማን እንደነበረ። «ኤስ ፔ ቤ» ሴንት ፒተርስበርግ ነው። ኤሱ የላቲኑን ሲ ይመስላል፣ ፔው ሁለት ቋሚ ኖሮት ላዩ የተዘጋ ነው። «ኤም ኤም ዴ» ሞስኮ ነው። በካትሪን ዘመን ሞስኮ ብር የመታችው እስከ 1770ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ስለዚህ 1785 ብሎ የሞስኮ ምልክት ያለበት የካትሪን ሩብል ካመጡላችሁ አትግዙ። በላቲን ፊደል «ኤም ደብልዩ» ያለው ዋርሶ ነው፣ ሩብል የመታችው ከ1842 እስከ 1847 ነው። እዚያ ላይ የንስሩን ጅራት እዩ፤ ቀጥ ያለም እንደ ማራገቢያ የተዘረጋም አለ።

የኃላፊዎቹ ፊደል የዓመቱ ምስክር ነው። ኒኮላይ ፎለንዶርፍ (ኤን ኤፍ) ከ1864 እስከ 1882 ነበር። አፖሎን ግራስጎፍ (አ ጌ) ከ1883 እስከ 1899። ኤሊኩም ባባያንትስ (ኤ ቤ) ከ1899 እስከ 1913። ቪክቶር ስሚርኖቭ (ቬ ኤስ) ከ1913 እስከ 1917። የ1850 ሳንቲም ላይ የፎለንዶርፍን ፊደል ካያችሁ የሠራው ሰው ታሪክ አላነበበም። በአንድ ዓመት ሁለት ኃላፊዎች ሲተካኩ ደግሞ የሁለቱም ፊደል ይገኛል፣ ብዙውን ጊዜም አንዱ ከሌላው ይበልጥ ብርቅ ይሆናል።

በ1914 ሴንት ፒተርስበርግ ስሟ ተቀይሮ ፔትሮግራድ ስትባል «ኤስ ፔ ቤ» ከትንንሾቹ ኮፔኮች ላይ ይጠፋል፣ ከ1915 እስከ 1917 የሚቀረው «ቬ ኤስ» ብቻ ነው። የ1916ቱ 10ና 15 ኮፔክ ላይ እሱም ከሌለ ግን አትደንግጡ። እነዚያ ጃፓን፣ ኦሳካ የተመቱ ናቸው። ጦርነት ነበር፣ የራሳቸው ማተሚያ ቤት አልቻለም።

የዳግማዊ ኒኮላስ ሩብል ላይ ምንም ፊደል የለም። ሐሰተኛ ነው?

ጠርዙን አይታችኋል? ብዙ ሰው ሁለቱን ፊት ፎቶ አንስቶ ይልካል፣ ጠርዙን ይረሳል፤ ከ1895 እስከ 1915 ባለው ሩብልና 50 ኮፔክ ላይ ግን ዋናው ወሬ ያለው እዚያ ነው። ሩብሉ ዙሪያውን «ንጹሕ ብር 4 ዞሎትኒክ 21 ዶሊያ» የሚል ጽሑፍ አለው። ይህ የድሮ የሩሲያ ክብደት መለኪያ ነው፣ 18 ግራም ማለት ነው። ከዚያ በቅንፍ ውስጥ የኃላፊው ፊደል ወይም ኮከብ ይመጣል።

አንድ ኮከብ ፓሪስ ነው። ሁለት ኮከብ ብራስልስ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ዊቴ በ1897 ሩሲያን የገንዘብ ዋጋ በወርቅ ወደሚተመንበት ሥርዓት ሲያስገባ እጅግ ብዙ ሳንቲም ስላስፈለገ ከፊሉ ውጭ አገር ተመታ። የ1898ን ሩብል ብትወስዱ በፊቱና በጀርባው ምንም የማይለይ ሆኖ ጠርዙ ላይ ግን ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ፦ የግራስጎፍ ፊደል፣ አንድ ኮከብ፣ ሁለት ኮከብ። ጠርዙን ያልተመለከተ ሦስቱን አንድ ነው ብሎ ይሸጣቸዋል። ገዢ ከሆናችሁ ደስ ይላል።

ሶቪየት የሚለው የ1924 ብር ላይስ ምን ልይ?

እዚህም ጠርዙን። አንጥረኛ መዶሻ ይዞ የሚታይበት 50 ኮፔክ 10 ግራም ነው፣ 9ኙ ንጹሕ ብር። ጠርዙ ላይ «ፔ ኤል» ካለ የሌኒንግራዱ ፒዮትር ላቲሼቭ ነው። «ቴ ኤር» ካለ የቶማስ ሮስ ነው፣ እንግሊዝ አገር የተመታ። ኮሚኒስቶቹ ብራቸውን ከንጉሥ አገር ማስመታታቸው ለእኔ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ከዚያ በፊት ባሉት የ1921ና የ1922 ሳንቲሞች ላይ «አ ጌ» ሊኖር ይችላል። ይህ ከላይ ያልነው ግራስጎፍ አይደለም፤ አርቱር ጋርትማን የሚባል ሌላ ሰው ነው። በ1922 ላቲሼቭ ስለተካው የዚያ ዓመት ሩብል ላይ ሁለቱም ፊደል አለ፣ ብርቁም የጋርትማኑ ነው።

ልዩነት ካገኘሁ ዋጋው ይጨምራል?

አንዳንዴ። ካታሎግ (የሳንቲም ዓይነቶች መዘርዝር መጽሐፍ) ውስጥ የገባና ሰብሳቢ የሚፈልገው ልዩነት ዋጋ አለው፣ ሌላው የራስ ደስታ ነው። «ብርቅ ዓይነት» ብሎ የሚለጥፍ ሻጭ የትኛው ዝርዝር እንደሚለየው ካልነገራችሁ እየገመተ ነው። የሳንቲሙ ይዞታም አለ፤ ደህና የተያዘ ተራ ሩብል ፊቱ ካለቀ «ልዩ» ሩብል ይልቅ ቶሎ ይሸጣል።

የቀዳማዊ ኒኮላስ ሩብሎች ሁሉም አንድ ይመስሉኛል። ምኑን ነው የሚቆጥሩት?

ከ1832 እስከ 1858 ያለው ሩብል ላይ ንጉሥ የለም። በአንድ ወገን ንስር፣ በሌላው ዘውድ፣ ጽሑፍና የቅጠል አክሊል ነው። ሰው የሚሰለቸውም የሚወደውም ለዚህ ነው። መጀመሪያ አክሊሉን ቁጠሩ። በየጎኑ ቅጠሎቹ በቡድን በቡድን ተያይዘዋል፣ ቡድኑ 7 ወይም 8 ነው። ከታች ከሪባኑ ጀምራችሁ ወደ ላይ ቁጠሩ፣ ከላይ ስትጀምሩ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ቡድን ታሳስታችኋለች።

ከዚያ ወደ ንስሩ ዙሩ። ደረቱ ላይ ያለው ጋሻ ውስጥ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ፣ ያው ዘንዶውን እየወጋ፤ ከኋላው ካባ የሚውለበለብበት ዳይ አለ፣ ካባ የሌለበትም አለ። ስታዩት አንድ ሚሊ ሜትር የማትሞላ ነገር ናት፣ ግን ከጎን በመጣ ብርሃን ትታያለች። ቀጥሎ የጅራቱን ላባዎች፣ ከዚያ በንስሩ ጥፍር የተያዘው ሉል አጠገብ ያሉትን ወደ ታች የወረዱ ላባዎች። ፎቶ አንሱና ወረቀት ላይ አስፍሩት፤ በአእምሮ ይዞ ከሌላ ሳንቲም ጋር ማስተያየት አይሆንም።

የሣልሳዊ አሌክሳንደር ሩብል (1886 እስከ 1894) ከዚህ ይቀላል። የራሱ ትልቅና ትንሽ የሆነበት ዳይ አለ፣ ጢሙ ለጽሑፉ የቀረበበትም የራቀበትም አለ። ጢም ከነበራቸው ነገሥታት የእሱ ይመቸናል።

የ1913ቱ የሮማኖቭ ሩብል «ጠፍጣፋ» እና «ጎላ ያለ» የሚሉት ምንድን ነው?

የሮማኖቭ ሥርወ መንግሥት 300ኛ ዓመት ማስታወሻ ነው፣ ቅርጹ የሚካኢል ስኩድኖቭ። ከፊት ዳግማዊ ኒኮላስ፣ ከኋላው የሥርወ መንግሥቱ መጀመሪያ ሚካኢል ፌዮዶሮቪች። አንዱ ዳይ ፊታቸውን ዝቅ አድርጎ አወጣው፣ ሌላው ከፍ አድርጎ። ጠፍጣፋው ያነሰ ነው፣ ተወዳጅም ነው፣ ስለዚህም ጠፍጣፋ ነው እየተባለ በብዛት ይዋሻል።

የሚያሳስተው ብዙ እጅ ያለፈ ጎላ ያለ ሩብልም ሲፈተግ ጠፍጣፋ መምሰሉ ነው። ከፍ ያሉትን ቦታዎች እዩ፤ ፀጉሩና ጢሙ ላይ መስመሮቹ ካሉ ግን ምስሉ ራሱ ዝቅ ያለ ከሆነ ዳዩ ነው። መስመሮቹ ጠፍተው ገጹ ካንጸባረቀ ጊዜ የሠራው ነው። በዚህ ሩብል ላይ ሐሰተኛው ስለበዛ ክብደቱንና ጠርዙን ሳታዩ ስለ ልዩነቱ አትከራከሩ።

ሳንቲሜ ላይ መስመር አለ፣ ፊደሉም ድርብ ይመስላል። ልዩነት ነው?

መስመሩ ከገጹ ከፍ ያለ ነው ወይስ ወደ ውስጥ የገባ? ዳይ ሲሰነጠቅ ብሩ ወደ ስንጥቁ ይገባል፣ ስለዚህ ሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ ቀጭን መስመር ይሆናል። ወደ ውስጥ የገባ መስመር ግን ጭረት ነው፣ ከተመታ በኋላ የደረሰበት። ስንጥቁ ዳዩን ለማወቅ ይረዳል፤ አንድ ዳይ መጀመሪያ ሳይሰነጠቅ፣ ኋላ ስንጥቁ እያደገ የመታቸውን ሳንቲሞች በቅደም ተከተል መደርደር ይቻላል። ካታሎግ ግን ብዙ ጊዜ አይቆጥረውም።

ድርብ ፊደልም ሁለት ዓይነት ነው። ዳዩ ላይ ፊደሉ ሁለት ጊዜ ተመትቶ ከሆነ ሁለቱም ሙሉ መልክ አላቸው፣ ሌላ ሳንቲም ላይም ያው ይደገማል። ምቱ ላይ ዳዩ ትንሽ ተንሸራትቶ ከሆነ ግን በአንድ ጎን ብቻ ዝቅ ያለ ደረጃ ታያላችሁ። ይህ ተራ ነገር ነው።

«ኖቮዴል» የሚሉት ሐሰተኛ ነው?

አይደለም፣ እውነተኛም አይባልም። ራሱ የመንግሥቱ ማተሚያ ቤት ለሀብታም ሰብሳቢዎች ብሎ የድሮ ሳንቲም እንደገና የመታበት ነው። አንዳንዴ በተቀመጠው አሮጌ ዳይ፣ አንዳንዴ ለዚያው ብሎ አዲስ ቀርጾ። ታላቁ ልዑል ጌዮርጊ ሚካይሎቪች ራሱ ከባድ ሰብሳቢ ነበር፣ በእሱ ግፊት በ1890 ተከለከለ።

መለየቱ ያታክታል። ኖቮዴል አብዛኛውን ጊዜ ከዘመኑ ይልቅ ያምራል። ክቡ የተስተካከለ፣ ገጹ ለስላሳ፣ ፊደሉ የኋላ ዘመን አጣጣል ያለው፣ ክብደቱም ከዘመኑ ሕግ የወጣ ሊሆን ይችላል። የጴጥሮስ ሩብል ነው ተብሎ ጠርዙ እንደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ንጹሕ ከሆነ መጠርጠር ነው። ብዙዎቹ ቁጥራቸው አነስተኛ ስለሆነ ውድ ናቸው፣ ሻጩ ምን እንደሆነ ከነገራችሁ መግዛቱ ነውር የለውም።

ሁለት ሩብል አለኝ፣ እስከ ትንሿ ነጥብ ድረስ አንድ ናቸው። ከአንድ ዳይ ወጡ ማለት ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ግን አንድ የሆነው ነገር ምን እንደሆነ ተመልከቱ። ሁለቱም ላይ ያው ስንጥቅ፣ ያው የተጋደመ ፊደል፣ ከፍ ያለ ያው ጠብታ ካለ ደስ የሚል ነገር ነው፣ አንድ ዳይ ናቸው። እነዚህ ዳዩ ላይ የነበሩ ናቸውና መደገማቸው ይጠበቃል።

ንጉሡ ጉንጭ ላይ ያለችው ወደ ውስጥ የገባች ጠባሳ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ግጭት፣ ምስል በሌለበት ባዶ ገጽ ላይ ያለው ጭረት ሁለቱም ላይ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ርዝመት ከተገኘ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሁለት ሳንቲም በተለያየ ኪስ ዞረው በአንድ ቦታ በአንድ ዓይነት አይቆስሉም። አንድ ሰው የቆሰለ እውነተኛ ሩብል አግኝቶ ከእሱ ቅጂ አውጥቷል፣ ቁስሉም አብሮ ተቀድቷል። ከሁለቱ አንዱ እናቱ ሊሆን ይችላል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ሁለቱም ልጆች ናቸው። አሁንም ወደ ሚዛኑ ተመለሱና ደግሞ ውኃ ውስጥ አንጠልጥላችሁ መዝኑ፤ የብር ሩብል ክብደቱ ለሚገፋው ውኃ ሲካፈል ከ10 በላይ ይመጣል፣ ናስ ከሆነ ግን 8.5 አካባቢ ይቀራል። በደህና ብር የተሠራ ቅጂ ይህንንም ያልፋል፤ ያኔ የሚቀራችሁ ማስረጃ ያቺ የተደገመች ጠባሳ ናት።